የላይሰንስ ኦዲት መልስ፦ ገላን ካለ ፋብሪካ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 2017፦ ደብዳቤው

ደንበኛው ገላን ያለ ፋብሪካ ነው። የፕላስቲክ ቱቦና የውኃ ታንከር ያመርታል። 340 ሠራተኛ በሦስት ፈረቃ፣ 118 ኮምፒውተር፣ ሁለት ሰርቨር፣ አንድ የአይቲ ልጅ። ደብዳቤው በኢሜይል የመጣው ለፋይናንስ ኃላፊዋ ነው። ማጭበርበሪያ መስሏቸው ሳይነኩት ቀሩ። ማስታወሻ ሲደገም ነው የደወሉልኝ።

ይዘቱ አጭር ነው። የሶፍትዌሩ ሻጭ የውጭ ኦዲተር መድቧል። የዊንዶውስ ሰርቨር፣ የኤስኪውኤል ሰርቨር (የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው) እና የኦፊስ አጠቃቀማችሁ ይታያል። በ30 ቀን ውስጥ ዳታ ላኩ። የሚሞላ የኤክሴል ቅጽና ሰርቨር ላይ የሚሮጥ ስክሪፕት፣ ማለትም ዳታውን ራሱ የሚሰበስብ አጭር ፕሮግራም፣ ተያይዟል።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ዓይነቱን ነው። «ኑ ላይሰንሳችሁን አብረን እንፈትሽ» የሚል ግብዣ አለ። እሱ በፈቃደኝነት ነው፤ በትህትና ማለፍ ይቻላል። በውል አንቀጽ የሚመጣ ኦዲት ግን አይታለፍም። ይሄኛው የውል ቁጥር ጠቅሷል። ውሉን አምጡ አልኩ። የለም። በኋላ ከሻጩ ፖርታል ላይ አወረድነው። ፖርታሉ የተከፈተው ከዓመታት በፊት በለቀቀ ሠራተኛ ኢሜይል ስለሆነ የይለፍ ቃሉን ማስመለስ ብቻውን ሥራ ሆነ።

የውሉ የኦዲት አንቀጽ አንድ ገጽ አይሞላም፤ ግን ሁሉም ነገር እዚያ ነው። ሻጩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ኦዲተሩ ገለልተኛ ሆኖ የሚስጥር ግዴታ አለበት። ጉድለት ከተገኘ ደንበኛው የጎደለውን ይገዛል። ጉድለቱ 5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የኦዲቱን ወጪ ይከፍላል፤ የሚገዛውንም በ125 በመቶ ዋጋ ይገዛል። (ሁሉም ሻጭ አንድ ዓይነት አይደለም። የኦራክል ውሎች ለምሳሌ 45 ቀን ነው የሚሰጡት። የራስን ውል ማንበብ ነው።)

በዚያው ቀን መልስ ላክን። ደብዳቤው ደርሶናል፤ ተጠሪያችን የፋይናንስ ኃላፊዋ ናቸው፤ የሦስትዮሽ የሚስጥር ስምምነት ይፈረም፤ እስኪፈረም ዳታ አንልክም። ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመርንም። ለፋብሪካው ሰዎች ደግሞ ሦስት ነገር ከለከልኩ። ማንም ምንም አያጥፋ። ማንም ምንም አይግዛ። ማንም ከሻጭም ከኦዲተርም ጋር በስልክ አያውራ።

የአይቲው ልጅ ወደ ጎን ስቦ ጠየቀኝ። «ኢንጂነር፣ ዛሬ ማታ ሁሉንም ፎርማት ባደርጋቸውስ?»

ሐሳቡ የሱ ብቻ አይደለም፤ በየድርጅቱ አንድ ሰው ያነሳዋል። አይሆንም። ዊንዶውስ የተጫነበትን ቀን ራሱ ይመዘግባል። 40 ማሽን ደብዳቤው በመጣ ሳምንት በአንድ ሌሊት ሲጫን ኦዲተሩ ምን ይላል? የውል ጉድለት የነበረው ነገር ማስረጃ ማጥፋት ይሆናል። ሕጉም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥራል። ልጁ ገባው። ግን ሌሊቱን የተኛ አይመስለኝም።

ጥቅምት መጨረሻ፦ ቆጠራ

የኦዲተሩን ስክሪፕት ከመሮጣችን በፊት የራሳችንን ቆጠራ መጨረስ አለብን። ሌላ ሰው ቁጥርህን ካንተ ቀድሞ ካወቀው ክርክሩ የሚካሄደው በሱ ቁጥር ላይ ነው።

መሣሪያው ቀላል ነው። ኦሲኤስ ኢንቬንተሪ፣ ነፃና ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊነክስ ጭነን ተከልነው። ጥቂት የፓወርሼል ትእዛዞች። ኤክሴል። ወጪው የአንድ ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ዙር 71 ማሽን ብቻ አመጣ። ዝርዝሩ 118 ይላል። ቀሪዎቹ የት ሄዱ? የሌሊት ፈረቃ ማሽኖች ቀን ጠፍተው ይውላሉ። የሽያጭ ላፕቶፖች መርካቶ ሱቅ ናቸው። የመኪና ሚዛኑ ኮምፒውተር ከኔትወርክ ተነቅሎ ለብቻው ይሠራል። ዱከም ያለው መጋዘን በሞባይል ኢንተርኔት ነው የሚገባው። ስለዚህ ኤጀንቱን (ማሽኑ ላይ ተጭኖ የሚቆጥረውን ፕሮግራም) በፍላሽ ይዞ መዞር መጣ። የአይቲው ልጅ ከፈረቃ ሰርቪስ ጋር እየወጣ ሌሊት ሌሊት ጨረሰው።

የተገኘው ይሄ ነው። ኮምፒውተሮቹ አብዛኛዎቹ ሲገዙ ዊንዶውስ አብሯቸው የመጣ፣ ኦኢኤም የሚባለው ነው። እሱ ከማሽኑ ጋር የታሰረ ላይሰንስ ስለሆነ ማሽኑ እስካለ ችግር የለውም። 31 ማሽን ላይ ግን ኦፊስ ፕሮፌሽናል ፕላስ አለ። ይሄ እትም በጥቅል ላይሰንስ እንጂ በሱቅ በነጠላ የሚሸጥ አይደለም። ፋብሪካው ደግሞ የዚህን ኦፊስ ጥቅል ገዝቶ አያውቅም። ኮምፒውተር ቤቱ «ኦፊስ ጭነንላችኋል» ብሎ ያስረከበው ክራክ፣ ማለትም ያለ ላይሰንስ እንዲሠራ የተሰበረ ቅጂ ነው። ደረሰኙ ላይ ስለ ኦፊስ የተጻፈ ነገር የለም። ክራኩ በትክክል እንዲሠራ ተብሎ የአንዳንዶቹ ጸረ ቫይረስ ጠፍቷል፤ ይሄ ከላይሰንሱም በላይ አናደደኝ። የደመወዝ ኮምፒውተር ከነሱ አንዱ ነው።

አልነካናቸውም። እያንዳንዱን ስክሪን ፎቶ አንስተን መዘገብን። ከኔትወርክ ነጥለን በየተራ ማጽዳቱ ሪፖርቱ ሲያልቅ ነው ተባለ። የደመወዙን ብቻ በጽሑፍ አሳውቀን ወዲያው ጸረ ቫይረሱን አበራነው።

ኅዳር፦ ወረቀት

በዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚገምተው ሰርቨር ላይ ቁጭ ብለን የምንውል ነው። እውነቱን ለመናገር ጊዜውን የበላው ወረቀት ነው።

ሰርቨርና ዳታቤዙ የተገዙት በ2011 ነው። ዶላር 28 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ። ደረሰኙ ተገኘ። እንዲህ ይላል፦ «ሶፍትዌር፣ ብዛት 1»። የምርት ቁጥር የለውም። እትም የለውም። ስንት ኮር (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍል)፣ ስንት ተጠቃሚ፣ ምንም። ለገቢዎች የሚበቃ ደረሰኝ ለላይሰንስ አይበቃም። ሻጩ የሚቀበለው ምርቱን፣ ብዛቱንና የገዢውን ስም የያዘ ማስረጃ ነው።

የግዢ ፋይሎቹ ግቢው ጥግ ያለ ኮንቴይነር ውስጥ ናቸው። የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሽማግሌ ጋሼ እያልን ቁልፍ አስከፈትናቸው። ስለ ሶፍትዌር ምንም አያውቁም። ግን የገቢ ዕቃ ደረሰኝ በዓመትና በወር አስረው አስቀምጠዋል። «ወረቀት አይጣልም» አሉ። የፈለግነው ፕሮፎርማ የ2011 የካቲት ጥቅል ውስጥ ተገኘ። ፕሮፎርማው ላይ የምርት ቁጥሮቹ አሉ። ፕሮፎርማው ከግዢ ትእዛዙ፣ ትእዛዙ ከደረሰኙ፣ ደረሰኙ ከባንክ ክፍያው ጋር በቁጥር ይያያዛል። አራቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ማስረጃ ሆኑ። አቅራቢው ድርጅት ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ ከሱ የሚመጣ ደብዳቤ የለም።

ያለን ንብረት ይሄ ሆኖ ወጣ፦ ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ስታንዳርድ ለ48 ኮር። ኤስኪውኤል ሰርቨር ስታንዳርድ አንድ፣ ከ60 ዩዘር ካል ጋር። የዊንዶውስ ሰርቨር ዲቫይስ ካል 150። የመጨረሻው በቂ ስለሆነ ከዚህ በኋላ አላነሳውም።

ካል ማለት ሰርቨሩን ለመጠቀም የሚከፈል የመግቢያ ትኬት ነው። ዩዘር ካል ለሰው ነው፤ ሰውየው በፈለገው ማሽን ይግባ። ዲቫይስ ካል ለማሽን ነው፤ ማሽኑ ላይ ማንም ይቀመጥ። ይሄ ልዩነት በኋላ ብዙ ብር ያወራል።

በዚሁ ወር የሚስጥር ስምምነቱ ተፈረመ። አንድ ነገር አስገብተናል። የኦዲተሩ ስክሪፕት ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ (ከኔትወርኩ የተጠቃሚዎች መዝገብ) የሠራተኛ ሙሉ ስምና ኢሜይል ይለቅማል። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ የሠራተኛን ስም ዝርዝር ወደ ውጭ አገር ዝም ብሎ መላክ አያስኬድም። ስሞቹ በኮድ ተተክተው ይላኩ አልን። ኦዲተሩ ያለ ክርክር ተስማማ። ስክሪፕቱን ያስኬደው የአይቲው ልጅ ነው፤ ለኦዲተር የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል አልተሰጠም። ውጤቱንም ከመላኩ በፊት መስመር በመስመር ከራሳችን ቆጠራ ጋር አመሳከርነው።

ማመሳከሩ ጠቀመ። አክቲቭ ዳይሬክተሪው 412 ክፍት አካውንት ይላል። ፋብሪካው 340 ሰው ነው ያለው፤ ግማሹ ደግሞ ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም። ከደመወዝ ዝርዝር ጋር ስናስተያየው የለቀቁ ሰዎች፣ የፈረቃ አካውንቶች፣ «ቴስት1»፣ «ቴስት2»፣ የአንድ ፕሪንተር አካውንት። ለእያንዳንዱ አጠገቡ ማብራሪያ ጽፈን ላክን።

ኅዳር መጨረሻ፦ ሰርቨር ክፍሉና መብራቱ

አሁን ከባዱ መጣ።

ሁለቱ ሰርቨሮች ሆስት ሀ እና ሆስት ለ ልበላቸው። እያንዳንዳቸው ባለ 12 ኮር ሁለት ፕሮሰሰር፣ ማለትም 24 ኮር አላቸው። በሃይፐር-ቪ ክላስተር ታስረዋል። ላያቸው ላይ 7 ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር፣ ይሮጣል። ሀ ላይ 4፣ ለ ላይ 3።

የዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ ሕግ እንዲህ ነው። የሆስቱን ኮር በሙሉ ላይሰንስ ስታደርግ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ይፈቀድልሃል። ሦስተኛ ከጨመርክ ኮሮቹን በሙሉ እንደገና ትገዛለህ፤ እስከ አራት ያስኬድሃል። አምስተኛ ሲመጣ ሦስተኛ ዙር። ፋብሪካው 48 ኮር አለው፤ በየሆስቱ አንድ ዙር። ስለዚህ የተፈቀደው 4 ማሽን ነው፤ የሚሮጠው 7። ጉድለት አለ። ጥያቄው ስንት ነው የሚለው ነው።

ማሽኖቹ ባሉበት ቢቀመጡ ኖሮ ሀ ሁለት ዙር፣ ለ ሁለት ዙር፣ በድምሩ 96 ኮር ይሆን ነበር። ግን ክላስተር ነው። አንዱ ሆስት ሲወድቅ ማሽኖቹ ወደ ሌላው ይዘላሉ። ሕጉ ደግሞ እያንዳንዱ ሆስት በአንድ ጊዜ የተሸከመውን ከፍተኛ ቁጥር ነው የሚቆጥረው። ላይሰንሱን ከሆስት ወደ ሆስት ማዛወር የሚቻለው በ90 ቀን አንዴ ነው። ሃርድዌሩ ጨርሶ ከተበላሸ ብቻ ነው ቀድሞ የሚፈቀደው። መብራት ሄደ ማለት ሃርድዌር ተበላሸ ማለት አይደለም።

ገላን ደግሞ መብራት ይሄዳል።

የሆስት ለ ዩፒኤስ ባትሪ ሞቷል። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አይጠብቅም። መብራት በጠፋ ቁጥር ሆስት ለ ይወድቃል፤ ሦስቱ ማሽኖች ሀ ላይ ይነሳሉ። ሀ በዚያን ሰዓት 7 ማሽን ተሸክሟል ማለት ነው። አራት ዙር፣ 96 ኮር ለሀ ብቻ። አንድ የሞተ ባትሪ ነው ይሄን ያመጣው።

መቼና ስንቴ እንደዘለሉ የክላስተሩ ሎግ (ራሱ የሚጽፈው መዝገብ) ይይዛል። ሎጉ የሚሞላው በቀን ሳይሆን በመጠን ስለሆነ፣ ብዙም እንቅስቃሴ ስለሌለ፣ ወደ ኋላ እስከ ግንቦት 2016 ደረሰ። ሙሉውን ገልብጠን አስቀመጥን። ለሆስት ሀ መጥፎ ነው። ለሆስት ለ ግን ጥሩ ነገር አለው፦ አንድም ማሽን ከሀ ወደ ለ ዘሎ አያውቅም። የሀ ዩፒኤስ ጤነኛ ነው።

ይሄን የሚደግፍ ሌላ ማስረጃ ፈለግኩ። የጄኔሬተሩ ኦፕሬተር ደብተር አለው። የጠፋበት ሰዓት፣ የተነሳበት ሰዓት፣ የናፍጣው ሊትር፣ ፊርማ። ለናፍጣ ሒሳብ ሲባል በየቀኑ ይሞላል። ከሎጉ ጋር ለማመሳከር ኤክሴል ውስጥ ሁለት ዓይነት ማስተካከያ ማድረግ ነበረብን። ደብተሩ በእኛ ዘመን አቆጣጠርና በእኛ ሰዓት ነው፤ ሎጉ በፈረንጁ። «ጥቅምት 9 ማታ 3፡20» የሚለው ሎጉ ላይ ኦክቶበር 19 ከ21፡20 ነው። ልጁ መጀመሪያ ሰዓቱን ሳይቀይር አመሳክሮ አንድም አልገጥም ብሎት ነበር። ከተቀየረ በኋላ ዝላዮቹ ሁሉ ከመብራት መጥፋት ጋር ደቂቃ በደቂቃ ገጠሙ።

አማራጭ መንገድ አለ። በፈረንጁ ከ2022 ጀምሮ በቨርቹዋል ማሽን መቁጠር ተፈቅዷል፤ በአንድ ማሽን ዝቅተኛው 8 ኮር ነው። 7 ማሽን 56 ኮር ብቻ ይሆናል፤ ሆስቱ አይቆጠርም። ግን ይሄ የሚፈቀደው በየጊዜው ለሚከፈልበት ሰብስክሪፕሽን ወይም የድጋፍ ውል ላለው ላይሰንስ ነው። ለፋይናንስ ኃላፊዋ አስረዳሁ። «በየዓመቱ በዶላር የሚቆጠር ነገር አታምጣብኝ» አሉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በኋላ ለሚሠራ ድርጅት ይሄን መልስ መቃወም ከባድ ነው። 57 ብር የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 አልፏል።

ታኅሣሥ፦ ድራፍት ሪፖርቱ

ኦዲተሩ ድራፍቱን ላከ። ዋጋ የለውም፤ ብዛት ብቻ ነው። ዋጋውን እኔ ለግምት በ2022 እትሞች የዶላር ዝርዝር መታሁት። ሰርቨር ስታንዳርድ 16 ኮር 1,069። ኤስኪውኤል ኢንተርፕራይዝ ሁለት ኮር 15,123። የኤስኪውኤል ካል 230።

ድራፍቱ እንዲህ ይላል። የሰርቨር ኮር 192 ያስፈልጋል፣ 48 አለ፤ ጉድለት 144፣ 9,621 ዶላር። ኤስኪውኤል ኢንተርፕራይዝ 8 ኮር ጉድለት፣ 60,492 ዶላር። የኤስኪውኤል ካል 340 ያስፈልጋል፣ 60 አለ፤ ጉድለት 280፣ 64,400 ዶላር። ድምሩ 134,513፤ 31ዱ ኦፊስ ሳይገባ፣ 125 በመቶውም ሳይገባ። በ125 ብር ቢመታ ከ16 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። የፋብሪካው ባለቤት ወረቀቱን አይተው ዝም አሉ። ከዚያ ሻይ አዘዙ።

አንድ በአንድ ያዝነው።

ኢንተርፕራይዙ። ይሄ የሚገኘው አንዱ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ነው። ኢአርፒውን (የፋብሪካውን ሥራ የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም) የተከለው ድርጅት ቴክኒሺያን ለሥልጠና ሲያዘጋጀው እጁ ላይ ያለውን የኢንተርፕራይዝ ሲዲ ጫነ። ለሙከራና ለልማት ቢሆን ዴቨሎፐር እትም አለ፤ በፈረንጁ ከ2016 ጀምሮ ነፃ ነው፤ ችሎታው ከኢንተርፕራይዝ እኩል ነው፤ የተከለከለው ለእውነተኛ ሥራ መጠቀም ብቻ ነው። ሰውየው እሱን ቢጭን ኖሮ ይሄ መስመር ባልኖረ።

ስለዚህ ማሽኑ የሥልጠና ብቻ እንደነበረ ማሳየት ያስፈልጋል። «የሙከራ ነው» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ያቀረብነው ይሄ ነው። ከኢአርፒ ድርጅቱ ጋር የተፈረመው ውል የሥልጠና ሰርቨር ብሎ በስም ይጠቅሰዋል። ዳታቤዙ ራሱ የመልሶ ጭነት ታሪክ ይመዘግባል፤ ከዋናው ሰርቨር ኮፒ እየመጣ ላዩ ላይ እንደሚጻፍበት ያሳያል፤ የእውነት ሥራ የሚሠራበት ዳታቤዝ ላይ እንዲህ አይደረግም። የሁሉም የኢአርፒ ተጠቃሚ ማሽን ማቀናበሪያ ፋይል ወደ ዋናው ሰርቨር ነው የሚያመለክተው። ሦስቱን አያይዘን ላክን። ኦዲተሩ ሁለት ጊዜ ጥያቄ ላከልን፤ በመጨረሻ መስመሩን ወደ ዴቨሎፐር ቀየረው። 60,492 ወጣ። በኋላ ኢንተርፕራይዙን አራግፈን ዴቨሎፐር ጫንን፤ ይሄኛው በጽሑፍ ፈቃድ ከመጣ በኋላ ነው።

340ው። ይሄ ከየት መጣ? የጣት አሻራ ማሽን ነው። ሠራተኛው ሲገባና ሲወጣ ጣቱን ያስነካል፤ መረጃው በአንድ ፕሮግራም አልፎ ኤስኪውኤል ሰርቨር ውስጥ ይገባል። በመሐል ፕሮግራም ስላለ ካል አይቀርም። በተዘዋዋሪ የሚጠቀምም ይቆጠራል። ይሄን ብዙ አይቲ አያውቀውም። ኦዲተሩ እዚህ ላይ ልክ ነው፤ ቱቦ የሚያቀልጠው ሰውዬ የዳታቤዝ ተጠቃሚ ነው!

ግን ካል በሰው ብቻ አይቆጠርም። የጣት አሻራ ማሽኖቹ 4 ናቸው። 4 ዲቫይስ ካል ሲገዛ ማሽኑን የሚነካው ሁሉ ይሸፈናል፣ 340ም ይሁን 3,400። የማምረቻው ወለል ላይ ያሉት በፈረቃ የሚጋሩ ኮምፒውተሮች 22 ናቸው፤ እነሱም በዲቫይስ። የቢሮ የኢአርፒ ተጠቃሚ 47 ሰው ነው፤ እነሱ በዩዘር። 60 ዩዘር ካል ስላለ 47ቱ ተሸፈኑ፤ 13 ተረፈ። የተረፈው 13 ወደ ዲቫይስ ካል አይገለበጥም፤ ጠይቀን ነበር። ስለዚህ የሚገዛው 26 ዲቫይስ ካል ነው። 5,980 ዶላር። ከ64,400 ጋር አስተያዩት። የተቀየረ ሶፍትዌር የለም፤ የተቀየረው አቆጣጠሩ ነው።

ሰርቨሮቹ። ኦዲተሩ ሁለቱም ሆስቶች 7 ማሽን ሊሸከሙ ይችላሉ ብሎ አራት አራት ዙር ቆጥሯል። የእኛ መልስ፦ «ይችላሉ» እና «ተሸክመዋል» ይለያያል። ሎጉና የጄኔሬተሩ ደብተር ተያይዞ ሄደ፣ የዘመን መቀየሪያ ዓምድ ያለው ኤክሴል ጨምሮ። ሀ አራት ዙር፣ 96። ሆስት ለ ከሦስት ማሽን በላይ ተሸክሞ አያውቅም፤ ሁለት ዙር፣ 48። ድምር 144፣ ጉድለት 96፣ 6,414 ዶላር። የጄኔሬተር ደብተር ለኦዲት ማስረጃ ሲሆን እኔም የመጀመሪያዬ ነው። ተቀበሉት። (የኦራክል ዳታቤዝ ቢሆን ክርክሩ በጣም ይከብድ ነበር። እዚያ ሊሮጥበት የሚችል ሆስት ሁሉ ይቆጠራል የሚል አቋም ነው ያለው።)

ኦፊሱ። 31 ነው። ማስረጃ የለንም፤ አልተከራከርንም። ፋይናንስ «12ቱን በሊብሬኦፊስ እንተካና 19 እንግዛ» ብለው ነበር። ደብዳቤው በደረሰ ቀን የተጫነው 31 ስለሆነ 31 ይገዛል ተባለ። ኦዲተሮቹ ልክ ናቸው።

ጥር፦ ድርድርና ግዢ

የጸደቀው ሪፖርት 12,394 ዶላር በእኔ ግምት፣ 31ዱ ኦፊስ ሳይገባ። ጉድለቱ ከ5 በመቶ ይበልጣል፤ ስለዚህ 125ቱ በወረቀት ላይ አለ። እዚህ ላይ ከኦዲተሩ ጋር ማውራት ጥቅም የለውም፤ እሱ ቆጣሪ ነው። ከሻጩ የሽያጭ ሰው ጋር ነው የሚወራው። ትእዛዙን በአንድ ጊዜ እንሰጣለን፤ ጭማሪውና የኦዲት ወጪው ይነሳ፤ ያለፈው ጉዳይ መዘጋቱ በጽሑፍ ይሰጠን አልን። ሦስቱም ተፈቀደ። የመዝጊያ ደብዳቤውን ከክፍያው በፊት ረቂቁን አይተን ነው የተስማማነው። ያለሱ የተከፈለ ብር ሌላ ኦዲት አያስቀርም።

ግዢው አገር ውስጥ ባለ አቅራቢ በኩል በብር ሆነ። ፕሮፎርማው የሚጸናው ለአምስት ቀን ብቻ ነው፤ ምንዛሬው እየተንቀሳቀሰ ማንም ከዚያ በላይ አይዝም። የባለቤቱ ፊርማ በስድስተኛው ቀን ደረሰ። አዲስ ፕሮፎርማ፣ አዲስ ዋጋ። ደረሰኙ ላይ ግን በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ የምርት ቁጥርና ብዛት እንዲጻፍ አስገደድን። የአቅራቢው ገንዘብ ያዥ «ሲስተሙ ይህን ያህል መስመር አይቀበልም» ብላ ነበር። ተቀበለ።

የካቲት፦ የቀረው ሥራ

የሆስት ለ ባትሪ ተቀየረ። ወጪው ከአንድ ባለ 16 ኮር ላይሰንስ ጥቅል ያነሰ ነው። ክላስተሩ ላይ የሀ አራት ማሽኖች ወደ ለ መሄድ እንዳይችሉ የተፈቀደ ሆስት ዝርዝር ውስጥ ሀ ብቻ ተደረገ። ከሆስት ለ ወደ ሀ መዝለል ይቀጥላል፤ ሀ አሁን የ96 ኮር ላይሰንስ ስላለው ሕጋዊ ነው። ሀ ከወደቀ ግን ማሽኖቹ እስኪነሳ ይጠብቃሉ። ባለቤቱ ይሄን በጽሑፍ እንዲያውቁት አድርገናል፤ በኋላ «ለምን ቆመ» እንዳይመጣ።

ክራኮቹ ተጠርገው በተገዛው ኦፊስ ተተኩ። ሊብሬኦፊስ አዲስ ለሚገዙ የመጋዘንና የሚዛን ማሽኖች ይሆናል። የሚዛኑ ልጅ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ አሁን አያነሳውም።

ቆጠራው ላይ ደግሞ ያልተጠየቅነው ነገር ወጥቷል። 14 ማሽን ላይ የኦራክል ጃቫ 8 (አንዳንድ ፕሮግራሞች ለመሮጥ የሚፈልጉት ሶፍትዌር) አለ። እስከ ዝማኔ 202 ያለው በድሮው ነፃ ውል ነው። ከሚያዝያ 2019 በፈረንጁ፣ ከዝማኔ 211 ጀምሮ ለድርጅት ሥራ ይከፈልበታል። 9ኙ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ልጁ «አፕዴት ያስፈልጋል» ሲለው እሺ እያለ የተጫነ። ከጥር 2023 ወዲህ ደግሞ፣ ይሄም በፈረንጁ፣ የዚህ ሰብስክሪፕሽን ዋጋ በጠቅላላ ሠራተኛ ቁጥር ነው የሚሰላው፤ ጃቫ ቢነካም ባይነካም 340 ሰው ማለት ነው። ጃቫ የሚፈልገው አንድ የድሮ የጥራት መለኪያ ፕሮግራም ብቻ ነው። ቴሙሪን የተባለውን ነፃ የጃቫ ቅጂ (ኦፕን ጄዲኬ) አንድ ማሽን ላይ ሞከርነው። የመለኪያው ግራፍ አልከፈት አለ፤ የድሮው ጃቫ አቃፊ አድራሻ ፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፎ ነበር። አቃፊውን በዚያው ስም ስናስቀምጠው ሠራ። ቀሪዎቹ እየተቀየሩ ነው።

የላይሰንስ መዝገቡ አሁን አንድ የኤክሴል ፋይልና አንድ ቦክስ ፋይል ነው። ቦክስ ፋይሉን ጋሼ ኮንቴይነር ውስጥ አናስገባውም ብለን ፋይናንስ ቢሮ አደረግነው፤ ተቀየሙ፤ ኮፒ ሰጠናቸው። ሰው ሲለቅ የሰው ኃይል ክፍሉ ለአይቲ የሚልከው ቅጽ ተጀምሯል፤ ለሁለት ሳምንት ተሞልቶ መጣ፣ በሦስተኛው ቀረ። እየተከታተልኩ ነው።

ዛሬ ደግሞ ግዢ ክፍል ደወለ። ለዱከሙ መጋዘን አምስተኛ የጣት አሻራ ማሽን ሊታዘዝ ነው። የግዢ ጥያቄው ላይ ሁለት መስመር አስጨምሬያለሁ፦ አንድ የኤስኪውኤል ዲቫይስ ካል፣ እና ደረሰኙ ላይ የምርት ቁጥር።